ብሎንን አሉሚኒየም ማልበስ፦ ውሃው እንቢ ሲል

ጥያቄው፦ «አዳማ ውስጥ ኒኬልና ዚንክ የማለብስበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። የጋራዥ ሥራ ያለው አንድ ደንበኛዬ የማርሚታ ብሎኖችና ቧንቧ አምጥቶ ‘ዚንኩ እየተቃጠለ አስቸገረኝ፤ አሉሚኒየም አልብስልኝ’ አለኝ። ለውሃ ማጣሪያ የሚሸጠውን አሉሚኒየም ሰልፌት በውሃ አሟሟሁ፤ የአሉሚኒየም ቁራጭ አኖድ (የፖዘቲቭ ጫፍ) አድርጌ እስከ 12 ቮልት ሞከርኩ። አረፋ በብዛት ይወጣል፤ ብሎኑ ላይ የሚቀረው ግን ነጭ ዝልግልግ ነገር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ በውሃ ፋንታ ኢተር ወይም ቶሉኢን መጠቀም እንደሚቻል አንብቤአለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ከየትስ ላግኘው?»

ከዝልግልጉ ነገር ልጀምር፤ የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ብሎኑ ላይ ያዩት ነጭ ነገር አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ብረትነት የለውም። እዚሁ አጠገባችን አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ የሚያመርተውን አሉሚኒየም ሰልፌት የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚገዙት ይህንኑ ዝልግልግ ፈልገው ነው፤ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ጭቃ አቅፎ ወደ ታች ይዞት ይወርዳልና። እርስዎም ሳያስቡት በብሎንዎ ዙሪያ አንዲት ትንሽ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አቋቁመዋል። የሆነው እንዲህ ነው። ከኤሌክትሪክ ምንጩ የሚመጡት ኤሌክትሮኖች ብሎኑ ላይ ሲደርሱ ሊቀበሏቸው የሚሻሙ ሁለት ወገኖች ያገኛሉ፦ በውሃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅንና የሟሟው አሉሚኒየም። ሽሚያውን ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሃይድሮጅን ነው። እሱ አረፋ ሆኖ ሲሄድ በብሎኑ ገጽ ላይ ያለችው ስስ የፈሳሽ ንብርብር አሲድነቷን ታጣለች፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ አሲድ በሌለበት ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል እዚያው ይረጋል።

«ግን እኮ ግራጫ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል» የሚሉ ከሆነ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብሎኑን አጥበው አድርቁና የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት አድርገው አንዲት ጠብታ የኮስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ያሳርፉበት። ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ያለ ምንም አረፋ ዝም ብሎ ይሟሟል። እውነተኛ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይልና በድንገት ይፈላል፤ ልባሱ ስስ ከሆነ ዓይንዎ እያየ ጠፍቶ ከሥሩ ብረቱ ይገለጣል። ብረት ራሱ ለኮስቲክ ሶዳ ደንታ የለውም። ዚንክም ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ፈተናውን ቀድሞ ዚንክ በለበሰ ብሎን ላይ አያድርጉት፤ ያሳስታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከሃይድሮጅን አንጻር ሲለካ የኒኬል መደበኛ ቮልቴጅ ከዜሮ በታች 0.25፣ የብረት 0.44፣ የዚንክ 0.76፣ የአሉሚኒየም ደግሞ 1.66 ቮልት ነው። ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ማዕድኑን ከፈሳሹ ማውጣት ይከብዳል። እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ወዲያው የሚያነሱት ክርክር ይታየኛል፦ «ዚንክም እኮ ከሃይድሮጅን በታች ነው፤ ግን በየቀኑ ከውሃ አወጣዋለሁ።» ልክ ነዎት። ዚንክ የሚወጣው ሃይድሮጅን በዚንክ ገጽ ላይ ለመፈጠር ስለሚለግም ነው፤ ለመነሣት ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል። በዚያ ልግመት ምክንያት የምትገኘው ክፍተት ዚንክን ታሳልፋለች። አሉሚኒየም ከዚንክ በታች ገና 0.9 ቮልት ይርቃል፤ ክፍተቷ እስከዚያ አትዘልቅም። ቻርጀሩን ከ12 ወደ 24 ቮልት ቢያሳድጉት የሚጨምረው አረፋውና ሙቀቱ ብቻ ነው፤ የሃይድሮጅን አረፋ በበዛበት ቤት ደግሞ የሽቦ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም። ማጣፈጫ ጨው መጨመር፣ አሲዱን መቀየር፣ አኖዱን ማሳደግ፣ ሁሉም ከዚሁ ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። ውሃ እስካለ ድረስ አሉሚኒየም አይወጣም።

ዓለም አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ማውጣት የቻለውም ውሃን ትቶ ነው። በ1886 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ ክራዮላይት በተባለ የቀለጠ ማዕድን ውስጥ አሟሙተው ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። እስካሁን ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ፣ 960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ብሎን አይለብስም፤ አሉሚኒየሙ ራሱ 660 ዲግሪ ላይ ቀልጦ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ያለ ውሃ፣ ግን በቀዝቃዛው እንዴት?» ወደሚል ዞረ። ኦርጋኒክ አሟሚዎች የመጡት በዚህ በር ነው።

ሁሉም ኦርጋኒክ ፈሳሽ ግን አይሆንም። ፈሳሹ የአሉሚኒየሙን ጨው ማሟሟት አለበት፤ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀላሉ የሚለቀቅ ሃይድሮጅን በውስጡ ሊኖር አይገባም። አልኮል በዚህ በመጨረሻው ይወድቃል። ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል የቱንም ያህል ቢጣራ ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ይጋጫል፤ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጢስም ይወጣል። ቤንዚን ደግሞ ጨውንም አያሟሟም፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም፤ ከብልጭታ ጋር ማቆራኘቱ ትርፉ እሳት ነው። አሴቶን ጨውን ቢያሟሟም አሉሚኒየም ክሎራይድ ራሱ ያበላሸዋል፤ እየጠቆረ ይሄዳል።

ያነበቡት የኢተር ዘዴ በሙያው ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። በ1952 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ካውችና አብነር ብሬነር፣ እርጥበት የሌለውን አሉሚኒየም ክሎራይድ በዳይኢትል ኢተር አሟሙተው ሊትየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ጨመሩበትና ነጭ፣ ለስላሳ፣ የማይሰነጠቅ የአሉሚኒየም ልባስ አወጡ። ብሬነርን በሌላ ሥራውም ሊያውቁት ይችላሉ፦ ያለ ኤሌክትሪክ በኬሚካል ብቻ ኒኬል የማልበስን ዘዴ በ1940ዎቹ ከግሬስ ሪዴል ጋር ያገኘው እሱ ነው። የኢተሩ ገንዳ በክፍል ሙቀት ይሠራል፤ ልባሱም የሚያምር ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ቀላሉ ይመስላል። ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ነው።

ምክንያቱን በአዳማ ልክ ላስረዳ። የመማሪያ መጽሐፍ «ኢተር የሚፈላው በ34.6 ዲግሪ ነው» ይላል። ያ በባሕር ዳርቻ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 82 አካባቢ ነው። በዚህ ግፊት ኢተር የሚፈላው 29 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በሚያዝያ ቀትር ላይ የወርክሾፕዎ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቴርሞሜትር ሰቅለው ይመልከቱ። ማንም እሳት ሳያነድበት፣ ማንም ሶኬት ሳይሰካ፣ ገንዳው በራሱ ይፈላል ማለት ነው። በገንዳው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ደግሞ ራሱ ያሞቀዋል። የሚወጣው ትነት ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ጥግ ላይ ወዳለው ብየዳ ወይም የቡና ከሰል ይሄዳል፤ እሳቱንም ይዞ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ኢተር አየርና ብርሃን እየነካው ሲሰነብት ደግሞ በራሱ የሚፈነዳ ፐርኦክሳይድ ያበጃል። ሃይድራይዱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይቀጣጠላል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ባልዲ አስቀምጦ ኤሌክትሪክ መሰካት ነው እንግዲህ። በጋራዥ ውስጥ ሞተር ለማስነሣት የሚረጨውን ስፕሬይ ያስቡ ይሆናል፤ ኢተር በውስጡ አለው። እሱም ለዚህ አይሆንም፤ ሌላ ነዳጅ የተቀላቀለበት ነው። «ከየት ላግኘው?» ላሉት መልሴ አይፈልጉት የሚል ነው።

ቶሉኢኑስ? የቶሉኢን ገንዳ የሚባለው በእርግጥ ቶሉኢን ብቻ አይደለም። ቶሉኢን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሥራው ማቅጠን ነው። ዋናው ነገር ትራይኢትል አሉሚኒየም የሚባለው ፈሳሽ ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ፍሎራይድ ጋር ተጣምሮ ነው። ጀርመናዊው ካርል ዚግለርና ባልደረባው ሌምኩል በ1950ዎቹ የከፈቱት መንገድ ነው። ዚግለር በ1963 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በሌላው ሥራው፣ በፕላስቲክ ካታሊስት ነው፤ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ከዚያ ዘመን ኬሚስትሪ የተወለደ ነው። ሲመንስ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ወደ ፋብሪካ አደረሰው። ገንዳው 100 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል፤ የሚወጣው አሉሚኒየም ንጽሕናው ከ99.99 በመቶ ይበልጣል፤ ጥራቱ ዛሬም መለኪያ ነው። ግን ትራይኢትል አሉሚኒየም አየር ሲነካው ያለ ክብሪት በራሱ ይነድዳል፤ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። የቃጠሎ ማጥፊያ ብለው ውሃ ቢያፈሱበት እሳቱን መገቡት ማለት ነው። ይህን ዘዴ የሚጠቀሙት ፋብሪካዎች ገንዳው በናይትሮጅን የተሞላ ዝግ ብረት ነው፤ ብሎኑ የሚገባው እንደ አየር መቆለፊያ በሚሠሩ ሁለት በሮች ነው፤ የሰው እጅ አይደርስበትም።

ሦስተኛው መንገድ ጥያቄዎ ውስጥ የለም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። በ1951 ሃርሊና ዊየር የተባሉ ተመራማሪዎች አሉሚኒየም ክሎራይድን ኢትልፒሪዲኒየም ብሮማይድ ከተባለ ኦርጋኒክ ጨው ጋር ሲያቀላቅሉ ሁለቱ ጠጣሮች በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኑላቸው። አሟሚ የለም፤ ጨው ራሱ ፈሳሽ ነው። በ1982 ዊልክስና ባልደረቦቹ የተሻለ አጋር አገኙለት፤ ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ። ሁለት እጅ አሉሚኒየም ክሎራይድ ለአንድ እጅ የዚህ ጨው ሲሆን፣ በፈሳሹ ውስጥ ሁለት አሉሚኒየምና ሰባት ክሎሪን የያዘ አዮን ይበዛል፤ አሉሚኒየሙ ካቶዱ (የሚለብሰው ብሎን) ላይ የሚያርፈው ከዚህ አዮን ነው። መጠኑ ወደ አንድ ለአንድ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ያ አዮን ይጠፋል፤ ልባስም የለም። ይህ ፈሳሽ አይተንንም፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በቤተ ሙከራ በካሬ ዴሲ ሜትር ከ1 እስከ 2 አምፔር ድረስ ጥሩ ልባስ ይሰጣል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኢሚዳዞሊየሙን በዩሪያ፣ ማለትም ገበሬው በሚያውቀው ማዳበሪያ ዓይነት፣ የሚተኩ ርካሽ ቅይጦች መጥተዋል፤ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ዩሪያው ግን ከማዳበሪያ ከረጢት የሚዘገን አይደለም፤ ንጹሕና ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም መንገዶች የሚገናኙት፤ እኔም በዋናነት ልነግርዎ የምፈልገው ይህን ነው። «የትኛው አሟሚ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው «ውሃን እንዴት አስወጥቼ እንዳይመለስ አደርጋለሁ?» የሚለው ነው። አንድ ግራም ውሃ ወደ ሁለት ግራም ተኩል የሚጠጋ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያበላሻል፤ እስከ ሁለት ግራም የሚደርስ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝም ይለቅቃል። ውሃው የግድ ፈሶ መግባት የለበትም። የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍቱ ነጭ ጢስ የሚወጣው ከአየሩ እርጥበት ጋር ገና ሲገናኝ ነው፤ ያ ጢስ ሳንባም ይቆጠቁጣል፤ በአቅራቢያው ያለውን መሣሪያም ሁሉ በጥቂት ቀናት ያዝጋል። የአዳማ አየር ደረቅ ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። በበጋ ለልብስ ማድረቂያ ደረቅ ነው፤ ለአሉሚኒየም ክሎራይድ ግን የዝናብ ያህል ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ወጥመድ አለ። የኬሚካል ነጋዴ «አሉሚኒየም ክሎራይድ አለኝ» ብሎ ርካሽ ዋጋ ከነገረዎ፣ ምናልባት ስድስት ሞለኪውል ውሃ የተሸከመው ክሪስታል ነው። ብዙ ሰው «በምድጃ አደርቀዋለሁ» ይላል። አይደርቅም። ሲሞቅ ውሃው ብቻውን አይወጣም፤ ክሎሪኑን ይዞ እንደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነት ይሄዳል፤ ትሪው ላይ የሚቀረው ኦክሳይድ ነው። እርጥበት የሌለው ዓይነት ከመነሻው እንደዚያው ተመርቶ፣ በታሸገ ዕቃ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

የብሎኑ ዝግጅት ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። ዘይቱን በአልካሊ፣ ዝገቱን በአሲድ እንደ ወትሮው ያነሡታል፤ ሁለቱም ውሃ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ሳትቀር፣ ነገር ግን በመድረቂያው ጊዜ አዲስ ኦክሳይድ ሳይበቅልበት ወደ ዝጉ ገንዳ መግባት አለበት። በቶሉኢኑ ዘዴ ስስ ኒኬል አስቀድመው ያለብሱታል፤ ኒኬሉ ብረቱን ከዝገት እየጠበቀ ውሃው በሌላ አሟሚ ታጥቦ ይወጣል። በጨው ፈሳሹ ዘዴ ደግሞ ብሎኑን መጀመሪያ አኖድ አድርገው ለአጭር ጊዜ ገጹን ይልጡታል፤ ከዚያ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ይገለብጣሉ። ይህን የመገልበጥ ዘዴ ያልተጠቀመ ሰው የሚያገኘው ልባስ በጥፍር ሲጫሩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሣ ነው።

አንድ መልካም ነገርም ልናገር። በእነዚህ ገንዳዎች አሉሚኒየም አኖዱ በወጉ ይሟሟል፤ ካቶዱ ላይ ያረፈውን ያህል ከአኖዱ ስለሚተካ ፈሳሹ ሚዛኑን ይጠብቃል። ስሌቱም ያው የፋራዴይ ሕግ ነው። አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት 0.336 ግራም አሉሚኒየም ያወጣል፤ በካሬ ዴሲ ሜትር 1 አምፔር ቢያሳልፉ በሰዓት 12.4 ማይክሮን ያህል ይለብሳል። ዚንክ በተመሳሳይ ጊዜ 17 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ አሉሚኒየም ዝግተኛ ነው፤ ከዝግተኝነቱ ጋር ደግሞ ከሁሉም ውድ።

ታዲያ ማን ይለፋበታል? በዋነኛነት የአውሮፕላን ሥራ። በጣም የጠነከረ ብረት በአሲድ ሲታጠብና በውሃ ገንዳ ውስጥ ሲለብስ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይገባል፤ ብሎኑ በመልኩ ደህና እያለ፣ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ይበጠሳል። ውሃ በሌለበት ገንዳ ልባሱ በሚያርፍበት ጊዜ ሃይድሮጅን አይፈጠርም። በዚያ ላይ አሉሚኒየም መርዛማውን ካድሚየም ይተካል፤ እንደ ዚንክም ራሱን እየሠዋ ብረቱን ይጠብቃል። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ለእርስዎም አስታወሰኝ፦ ራሱ ላይ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈበት ብሎን ቢመጣልዎ፣ ዚንክ ካለበሱት በኋላ ሳይዘገዩ፣ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ወደ 200 ዲግሪ ምድጃ ያስገቡትና ለብዙ ሰዓታት ያቆዩት። ይህን የማያደርግ ወርክሾፕ ብዙ አይቻለሁ፤ የተበጠሰውን ብሎን ሁሉም «የቻይና ስለሆነ ነው» ይለዋል።

አሁን ወደ ደንበኛዎ። እሱ አሉሚኒየም ያለው ዚንኩ ስለተቃጠለ ነው፤ ምልከታው ትክክል ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በብዙ በሚያንስ ሙቀትም ጥበቃው ይደክማል። ማርሚታ አምራቾችም በአሉሚኒየም የተለበጠ ላሜራ የሚጠቀሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን እነሱ ላሜራውን የሚለብጡት ጥቂት ሲሊኮን በያዘ የቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ አሳልፈው ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። በየጣሪያው የምናየው አሉዚንክ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፤ በክብደት 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ የቀረው አብዛኛው ዚንክ፣ ሁሉም ከቀለጠ ገንዳ የወጣ።

ለቧንቧው የምመክረው አዲስ ቧንቧ ከተለበጠ ላሜራ ማሠራት ነው፤ ካልተገኘ አሸዋ ነፍቶ፣ በሲሊኮን ሙጫና በአሉሚኒየም ዱቄት የተሠራውንና እስከ 600 ዲግሪ የሚችለውን የብር ቀለም መቀባት። ከተማው ውስጥ የአሉሚኒየም ሽቦ አቅልጦ የሚረጭ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኙ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይሻላል። ደንበኛዎ «ድስት የሚያቀልጡት ልጆች ጋ እንንከረው» እንዳይልዎ እሰጋለሁ። የቀለጠ አሉሚኒየም ላይ የሚንሳፈፈው ኦክሳይድ ብረቱን ሸፍኖ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ይህ ትንሹ ችግር ነው። ቧንቧ ውስጥ የቀረች ጥቂት እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆና ቅልጡን ሰው ላይ ትረጨዋለች። አያስጠጉት።

ብሎኖቹ ግን ከእርስዎ እጅ አይወጡም። ኒኬል አለዎት አይደል? ኒኬል ለማርሚታ ሙቀት ከዚንክ በብዙ ይሻላል። ከ10 እስከ 12 ማይክሮን ያልብሷቸው፤ ዳዶው ውስጥ የሚገባውን ጥርስ ግን አስቀድመው ይለኩ፤ በጥርስ ላይ የልባሱ ውፍረት በዲያሜትሩ ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው። 12 ማይክሮን ልባስ ወደ 50 ማይክሮን ያወፍረዋል፤ ዳዶው እምቢ ሲል ሠራተኛው በመፍቻ ይታገለዋል፤ ልባሱም ይላጣል። ሲገጠም ለሙቀት የተሠራ የመዳብ ወይም የግራፋይት ቅባት ጥርሱ ላይ ይደረግ። ደንበኛው ገንዘብ ከቻለ የማይዝግ ብረት ብሎን በዚሁ ቅባት መግጠም ከሁሉም ያሳርፈዋል፤ እርግጥ ያኔ ሥራው ከእጅዎ ይወጣል።

አሉሚኒየምን በገንዳ ውስጥ መሥራት ካማረዎ፣ የቀረበው ሥራ ግልባጩ ነው፤ አኖዳይዝ ማድረግ። እዚህ አሉሚኒየሙ ራሱ አኖድ ሆኖ በሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ አሲድ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ12 እስከ 18 ቮልት። ውሃ እዚህ ወዳጅ ነው፤ ኦክሳይዱን የሚያበቅለው እሱ ነው። በየሕንፃው መስኮት የሚገጠመው ፕሮፋይል ብዛቱን ያውቁታል፤ ገበያ አለ። የአዳማ ሙቀት ግን እዚህም ይከተልዎታል፦ ገንዳው ካልቀዘቀዘ ኦክሳይዱ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል፤ ስለዚህ በቂ ማቀዝቀዣ ይያዙ። በመጨረሻ የኦክሳይዱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለመድፈን በአብዛኛው ከ96 እስከ 100 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ይጠየቃል፤ አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ተኩል አካባቢ ነውና ክዳን በሌለው በርሜል ያ ሙቀት አይገኝም። በኒኬል አሲቴት ወይም በቀዝቃዛው የመድፈኛ ዘዴ መሥራት ይኖርብዎታል። ውሃውም ከማዕድን የተጣራ ይሁን። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድና ሲሊካ ይበዛዋል፤ ሁለቱም ድፈናውን ያበላሹታል።

በባልዲው የቀረውን የአሉሚኒየም ሰልፌት ፈሳሽ ወደ ቦይ አይድፉት። አሲድ ነው፤ ቀስ እያሉ ኖራ ይጨምሩበት፤ ነጩ ዝልግልግ በሙሉ እስኪረጋና በሊትመስ ወረቀት ሲለካ አሲድነቱ እስኪጠፋ ድረስ። ዝቃጩን አጥልለው ያድርቁት። ዚንክ ወይም ኒኬል የለበሰ ነገር በዚያ ባልዲ ሞክረው ከነበረ ግን ዝቃጩን ከኒኬል ገንዳዎ ዝቃጭ ጋር ለብቻው ያስቀምጡት፤ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይሄድም።